ከአባቴ ቆዳ የአንጎል ሴል፦ ክርክር ከድሬዳዋና ከሐረር

የአንጎል ሕሙማን ትንሽ ቆዳ ወይም ደም ይሰጣሉ። ላብራቶሪ ከዚያ ስቴም ሴል (ወደ ሌላ ዓይነት ሴል ሊለወጥ የሚችል ሴል)፣ ቀጥሎም የነርቭ ሴል ይሠራል፤ በሽታው በሴሉ ላይ ይጠናል። የእኛስ ሕሙማን ናሙና ይስጡ? «ይስጡ» የሚለው የድሬዳዋ ላብራቶሪ ባለሙያ ነው። «ቅድሚያ አይገባውም» የምትለው የሐረር ነርስ ናት።

ከድሬዳዋ

አባቴ ዕድሜውን በባቡር ጥገና የጨረሰ መካኒክ ነው። ዛሬ የሻይ ብርጭቆው አፉ ጋ ሳይደርስ ግማሹ ይፈሳል። ከዚራ ሰፈር ባሉት ዛፎች ሥር ቀስ እያለ ሲራመድ ያዩት «ጃጀ» ይላሉ። አልጃጀም፣ ታሟል። ፓርኪንሰን ነው። አንጎሉ ውስጥ ዶፓሚን የሚባለውን፣ እንቅስቃሴን የሚያግዝ ኬሚካል የሚያመርቱት ሴሎች እየሞቱ ነው።

ጉበት ሲታመም ሐኪም በመርፌ ቆንጥሮ ያያል። የሕያው ሰው አንጎል ግን እንዲሁ አይቆነጠርም። ለዘመናት የተጠናው በአብዛኛው ከሞት በኋላ ነው። የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ካለፈ በኋላ ጭቃውን እያዩ ጎርፉ የት እንደጀመረ መገመት ማለት ነው።

ያ ደቻቱ ከተማችንን በጎዳበት በ1998 ክረምት፣ ጃፓን ውስጥ ሺንያ ያማናካ የአይጥ ቆዳ ሴል ውስጥ አራት ጂኖች አስገብቶ ወደ ስቴም ሴል እንደመለሰው አሳወቀ። በዓመቱ በሰው ሴል ተሳካ። እ.ኤ.አ. በ2012 ኖቤል ተሸለመበት። እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ ተመራማሪዎች ኤ.ኤል.ኤስ ከሚባለው የነርቭ በሽታ ታማሚ፣ ከ82 ዓመት ሴት ቆዳ፣ ጡንቻ የሚያዙ የነርቭ ሴሎች ሠሩ። የተሠራው ሴል የታማሚዋን ጂን እንዳለ ይዟል። ጎርፉን ከምንጩ ማየት ይሄ ነው።

ከሐረር

ወንድሜ፣ ፈጣሪ አባትህን ይማርልህ። የ82 ዓመቷን ሴት ስላነሳህ ከእሷ ልጀምር። ቆዳዋ ያረጀ ነው፤ የተሠራው ሴል ግን ገና እንደ ፅንስ ለጋ ነው። ወደኋላ ሲመለስ ዕድሜው አብሮ ይታጠባል። የአባትህ በሽታ ደግሞ የዕድሜ በሽታ ነው። ሳህን ላይ ያለ ሴል አንጎል አይደለም፤ የደም ሥር እንኳ የለውም።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። ባለፈው አንዲት እናት ልጇን አዝላ መጣች። የሚጥል በሽታ አለበት። ምድጃ ላይ ወድቆ እጁ ተቃጥሏል። ቁልቢ ሄዳለች፣ ፀበል ሄዳለች፣ እኛ ጋ የመጣችው መጨረሻ ላይ ነው። ፌኖባርቢታል ርካሽ መድኃኒት ነው። የዚያን ቀን አልነበረንም። ለዚህች ሴት ስለ ቆዳ ናሙና ምን ብዬ ልንገራት?

ደግሞ የካንሰር ታማሚዋን ሄንሪየታ ላክስን አንርሳ። እ.ኤ.አ. በ1951 አሜሪካ ውስጥ ሳትጠየቅ ሴሏ ተወሰደ። በዓለም ላብራቶሪዎች ሲባዛ ቤተሰቧ ያወቀው ከሃያ ዓመት በኋላ ነው።

ከድሬዳዋ

እህቴ፣ የዕድሜው ነገር እውነት ነው፣ አልከራከርሽም። ነገር ግን በዘር የሚመጣው ጉድለት በለጋው ሴል ላይም ይታያል። ከፓርኪንሰን ጋር የተያያዘውን አልፋ ሲኑክሊን የተባለ ፕሮቲን የሚያመርተው ጂን ከተባዛበት የፓርኪንሰን ታማሚ በተሠሩ የነርቭ ሴሎች ውስጥ ያ ፕሮቲን በዝቶ ተገኝቷል።

መድኃኒትም ተፈትሾበታል። ጃፓን ውስጥ ነባር መድኃኒቶችን ከኤ.ኤል.ኤስ ሕሙማን በተሠሩ የነርቭ ሴሎች ላይ ሲሞክሩ ሮፒኒሮል ጎልቶ ወጣ። ሮፒኒሮል ለፓርኪንሰን የሚሰጥ መድኃኒት ነው! ከዚያ በ20 ሕሙማን ላይ ተሞከረ።

አሁን ዋናው። በሴል ባንኮች የተቀመጠው አብዛኛው የአውሮፓ ዝርያ ካላቸው ሰዎች የተገኘ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ናይጄሪያውያን የተሳተፉበት ጥናት፣ ጂቢኤ1 በሚባለው ጂን ላይ ለፓርኪንሰን የሚያጋልጥ ለውጥ አገኘ። በአውሮፓውያን ላይ የለም ማለት ይቻላል። ናይጄሪያውያን ናሙና ባይሰጡ ማን ያውቀው ነበር? እኛ ከቀረን መድኃኒቱ በሌላ ሰው ልክ ይሰፋል፤ ለእኛ ልክ ይሁን አይሁን የምናውቀው ከዋጥነው በኋላ ነው።

ከሐረር

የናይጄሪያው ነገር አሳስቦኛል፣ አልደብቅህም። 20 ሰው ግን ጥቂት ነው፤ ገና ብዙ ሰው ላይ መታየት አለበት።

ናሙና ይወሰድ ካልን ግን የአንድ ቀን ነገር አይደለም። ሴሉ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሆነ ናይትሮጅን ውስጥ ሰውየው ካለፈ በኋላም ይኖራል። ይህን በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛ፣ በሐረሪ፣ በአማርኛ ቁጭ ብሎ የሚያስረዳ ሰው ይቅደም። ሴሉ የት እንደሚሄድ፣ ማን እንደሚሸጠው፣ «ተውኩት» ቢል ምን እንደሚሆን ይነገረው። ወረቀት አቅርቦ ማስፈረም ማስረዳት አይደለም።

አባትህ ገብቶት ከፈረመ ፊርማው የራሱ ነው፤ አከብራለሁ። እኔ ግን የዚያን ልጅ እናት «ፈርሚ» ከማለቴ በፊት የሚቀጥለውን ወር ክኒን በእጇ ላስይዛት።