አይዞዎት፣ አይፍሩ

የእንግሊዝኛ ቅጽሎችን አንድ በአንድ ስተዋወቃቸው ጨዋ ነበሩ። ‹ሃፒ› ደስተኛ፣ ‹ሶሪ› ያዘነ፣ ‹አፍሬድ› የፈራ። በቃ። እንዲያ ብቻቸውን ቢቀመጡልኝ ኖሮ እኔና እንግሊዝኛ ተከባብረን እንኖር ነበር። ጣጣው የመጣው አጃቢ ማስከተል ሲጀምሩ ነው፤ ከፊታቸው አንድ ተውሳከ ግስ እየፎከረ፣ ከኋላቸው ደግሞ ‹ዛት› ብሎ የሚጀምር ረጅም ሐረግ እየተጎተተ።

የመጀመሪያ ሥራዬን የያዝኩት አንድ እንግሊዛዊ አለቃ ሥር ነበር። የተቀጠርኩ ዕለት እጄን ጨብጠው ‹‹አይ አም ኦፉሊ ግላድ ዛት ዩ ጆይንድ አስ›› አሉኝ። ከ‹ዛት› በኋላ ያለው ገባኝ፤ መቀጠሬ ነው። ‹ግላድ›ም ገባኝ፤ ደስታ ነው። ‹ኦፉል› ግን እኔ በተማርኩት አስከፊ፣ አስቀያሚ ነገር ነው። እንግዲህ ሰውየው በእኔ መምጣት አስከፊ ደስታ ተሰምቷቸዋል። ያን ሌሊት ስገላበጥ አደርኩ።

ኋላ እንደተረዳሁት እንግሊዝኛ ደስታውን ከፍ ማድረግ ሲፈልግ አስፈሪ ቃል ይበደራል። ‹ቴሪብሊ› ከሽብር፣ ‹ፍራይትፉሊ› ከድንጋጤ፣ ‹ኦፉሊ› ፍርሃትና አክብሮት ከተቀላቀሉበት ስሜት የመጡ ናቸው። ዛሬ ሦስቱም ብዙ ጊዜ ‹በጣም› ከማለት ያለፈ ሥራ የላቸውም። ልስቅ ስል ግን የራሳችን ‹ክፉኛ ወደዳት› ትዝ አለኝና አፌን ያዝኩ። እሷስ ያን ስትሰማ ምን አጥፍቼ ነው ብላ ይሆን?

‹ቬሪ› የምትባለዋ ከሁሉም ታሳዝነኛለች። በ1066 እ.ኤ.አ. ከፈረንሳይ የመጡት ኖርማኖች እንግሊዝን ከያዙ በኋላ ከፈረንሳይኛ ከገቡት ቃላት አንዷ ስትሆን፣ የመጀመሪያ ትርጉሟ ‹እውነተኛ› ነበር። ምስክር ሆና የመጣች ቃል ናት እንግዲህ። አሁን ማንም ስለማያምናት ሰዎች ‹ቬሪ ቬሪ ሃፒ› እያሉ ምስክሯን ሁለቴ ያስምሏታል። ‹ፕሪቲ›ን አታንሱብኝ። ቆንጆ ማለት ነው ብዬ ስኖር አንድ ቀን ‹ፕሪቲ አግሊ› የሚል አነበብኩ፤ ‹አግሊ› ደግሞ አስቀያሚ ነው። ለካ በጥንቱ እንግሊዝኛ ትርጉሟ ተንኮለኛ ነበር፤ አመሏ አልለቀቃትም።

ደግሞ ማን ከማን እንደሚጋባ። ሐዘን ‹ዲፕሊ ሶሪ› ተብሎ ወደ ጥልቀት ይወርዳል። ጥርጣሬ ‹ሃይሊ አንላይክሊ› ተብሎ ወደ ላይ ይወጣል። ቅሬታ ‹ቢተርሊ› እያለ ይመርራል። እንቅልፍ የወሰደው ሰው ‹ፋስት አስሊፕ› ይባላል፤ ‹ፋስት› ፈጣን ከሆነ የት ሊደርስ ነው የተኛው? (የድሮ ትርጉሙ ‹ጥብቅ ያለ› ነው አሉ። ልንቃ ሲል ደግሞ ‹ዋይድ› ብሎ ይሰፋል።) እኔ ይህን ሳላውቅ ለአለቃዬ ‹አይ አም ሃይሊ ሶሪ ዛት አይ ዋዝ ሌት› ብዬ ጻፍኩ። ሰገነት ላይ ወጥቼ ያዘንኩ አስመሰልኩት። ለምን አይሆንም ብዬ ብጠይቅ መልሱ ‹አይባልማ› ብቻ ነው። ይህ መልስ መጀመሪያ አናደደኝ። ከዚያ አንድ የውጭ ሰው ‹ድቅድቅ ብርሃን› ወይም ‹ለጥ ያለ ገደል› ቢለኝ ምን እንደምመልስለት ሳስብ፣ እኔም ያለኝ ያችው ‹አይባልማ› ሆና አገኘኋት።

ሦስተኛው ወር ላይ አለቃዬ ቢሯቸው አስጠሩኝ። ፊታቸው ጠቁሯል። እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ፣ አነሱ፣ መልሰው አስቀመጡ። ‹‹አይ አም አፍሬድ ዛት ዮር ሪፖርት ኢዝ ኖት ጉድ ኢናፍ።›› ከዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ጆሮዬ የያዘው ሦስተኛውን ቃል ነው፤ ትልቅ ሰው ፊቴ ተቀምጠው ፈርቻለሁ እያሉ! አንጀቴ ተላወሰ። ከወንበሬ ተነስቼ፣ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ፣ ‹‹ዶንት ቢ አፍሬድ፣ ሰር›› አልኳቸው። እንዲያውም ‹‹አይ አም ሂር›› ብዬ ጨመርኩበት።

አለቃዬ ለረጅም ጊዜ በመስኮት ወደ ውጭ ተመለከቱ።

ለካ ‹አፍሬድ› ከኋላው ‹ኦፍ› ሲከተለው ነው እንደ ሰው የሚፈራው፤ ውሻ፣ ጨለማ፣ አማት። ‹ዛት› ሲያስከትል ግን፣ በተለይ ቢሮ ውስጥ፣ ብዙ ጊዜ ፍርሃት የሚባል ነገር የለበትም፤ መርዶ ሊነገር ሲል ከሥር የሚነጠፍ ፍራሽ ነው። ተናጋሪው አልፈራም፤ መፍራት ያለበት ሰሚው ነው። ቃሉን ደጋግማችሁ ብትሉት ‹አፍሬ› የሚል ይሰማበታል፤ በዚያ ቀን ያን የሚለው እኔ ነበርኩ።

ሪፖርቱን አስተካክዬ መለስኩላቸው። ጥግ ላይ ‹ኳይት ጉድ› ብለው ጻፉበት። ይህን ይዤ ወጣሁና ለሁለት የሥራ ባልደረቦቼ አሳየሁ። አሜሪካዊው እንኳን ደስ አለህ አለኝ። እንግሊዛዊቷ አይዞህ አለችኝ። እሱ ‹በጣም ጥሩ› አድርጎ አንብቦታል፤ እሷ ‹ምንም አይልም› አድርጋ።

‹ዛት›ን ሁሉም ቅጽል እንደማያስከትል የገባኝ ከዚያ በኋላ ነው። ‹ሃፒ ዛት› ይባላል፣ ‹ሹር ዛት› ይባላል፣ ‹አዌር ዛት› ይባላል። ‹ቶል ዛት› ብሎ ነገር ግን የለም። ‹ዛት› የሚጎትተው ሐሳብ ወይም ወሬ ነው፤ ስለዚህ የሚቆመው ከሚሰማው፣ ከሚያውቅ ወይም ከሚጠረጥር ሰው ኋላ ነው። ረጅምነት ደግሞ ቁመት እንጂ አስተያየት የለውም። ሲያሰኘው ‹ዛት› ራሱ ይቀራል፤ ‹አይ አም ግላድ ዩ ኬም› ቢባል ማንም አይፈልገውም። የምትሰናበቱበት ደብዳቤ ላይ ግን አንድም ቀን ቀርቶ አያውቅም።

የ‹ዛት› ዋና ጥበብ ግን ይቅርታ ላይ ነው። አንድ ባልደረባዬ መነጽሬ ላይ ተቀመጠ። ‹ቀጭ› ሲል ሁለታችንም ሰምተናል። ክንዱ አንድ ቦታ፣ መስታወቱ ሌላ ቦታ ሆኖ ሳለ በኢሜይል ‹አይ አም ትሩሊ ሶሪ ዛት ዩ ፌልት አፕሴት› የሚል መልእክት ላከልኝ። ያለ መነጽር ስክሪኑ ላይ አፍንጫዬን ለጥፌ አነበብኩት። ‹ትሩሊ› እውነት ይምላል፤ ‹ሶሪ› ያዝናል። ከ‹ዛት› በኋላ ያለው ወንበር ላይ ማን ተቀምጧል? ‹ዩ›፣ ማለትም እኔ። ምን አደረግሁ? ተናደድኩ። መነጽሩ የለም፣ መቀመጫውም የለም። የሚታዘንለት ጥፋት የእኔ ንዴት ሆኖ ተገኘ፤ ይባስ ብሎ ይቅርታው ደርሶኝ ‹ችግር የለም› ብዬ መለስኩ። በርግጥ እኛም ብንሆን ‹አጥፍቼ ከሆነ ይቅርታ› የምንል ሰዎች ነን። በዚያች ‹ከሆነ› ሥር ስንት መነጽር እንደተቀበረ ቤቱ ይቁጠረው።

እንግሊዝኛ ከዚህም የረቀቀ መሸሸጊያ አለው፤ ‹ኢት› ይባላል። ‹ኢት ኢዝ ክሊር ዛት›፣ ‹ኢት ኢዝ ላይክሊ ዛት›። ይህ ‹ኢት› መልክ የለው፣ ቁመና የለው፤ እውነተኛው ጉዳይ ከ‹ዛት› በኋላ እስኪመጣ ድረስ ወንበር የሚይዝ ወረፋ ጠባቂ ነው። የኛው ‹ራበኝ› እና ‹ደስ አለኝ›ም ባለቤታቸው ማን እንደሆነ አይናገሩም፤ እነሱ ግን ቢያንስ የራበውን ሰው አይደብቁትም። የቅጥር ውሌ ሲያበቃ የደረሰኝ ደብዳቤ ‹ኢት ኢዝ ዲፕሊ ሪግሬተብል ዛት› ብሎ ነበር የሚጀምረው። ጥልቅ ጸጸት አለ፤ የተጸጸተ ሰው የለም። ከሥር የአለቃዬ ፊርማ አለ፤ የሚያዝነው ግን ‹ኢት› ነው።

እኔም በበኩሌ መልስ ለመጻፍ አንድ ሙሉ ከሰዓት ፈጀሁ። ‹ቴሪብሊ› ልበል? ያስፈራል። ‹ዲፕሊ›ን እሳቸው ወስደውታል። ‹ቬሪ›ን ማን ያምናታል? በመጨረሻ የመረጥኩት ‹አይ አም ኳይት ሳድ ዛት አይ አም ሊቪንግ› የሚለውን ነው፤ ከወደዱኝ እንደ አሜሪካዊ፣ ካልወደዱኝ እንደ እንግሊዛዊ ያንብቡት ብዬ።

መልሳቸው በደቂቃ ውስጥ ደረሰ። አንድ ቃል ነው፤ ‹ኳይት›።

በየትኛው ትርጉም እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም።