ኮከብ ቆጣሪ ሆነናል፣ ጀመዓ!

ጀመዓ፣ ሰኔ ደረሰ። ደሴ ላይ በየፎቶ ኮፒ ቤቱ በር «ዳታ አናሊሲስ እንሠራለን» የሚል ወረቀት ተለጥፏል፤ ቴሌግራሙም «ሪግሬሽን በአንድ ቀን» እያለ ይጮሃል። ይሁን፣ ሰው እንጀራውን ይብላ። አንጀት የሚያቃጥለው ሌላ ነው። ተማሪው የማስተርስ ወረቀቱን ታቅፎ ሲወጣ ስለ ራሱ ጥናት የሚያውቀው የትኛው ቁጥር ጎን ኮከብ፣ ማለትም «በአጋጣሚ የመጣ አይመስልም» የሚል ምልክት፣ እንዳለ ብቻ ነው። ሦስት ኮከብ ያገኘው ይጨበጨብለታል፣ አንድ ያገኘው በይለፍ ያልፋል፣ ኮከብ ያጣው ከሠንጠረዡ ይባረራል። ይሄ ጥናት ነው ኮከብ ቆጠራ?

ሊኒየር ሪግሬሽን እኮ የሚጠይቀው ነገር ግልጽ ነው። አንድ ገበሬ በሄክታር የሚያገኘው የጤፍ ኩንታል በማዳበሪያው መጠን፣ በመሬቱ ስፋት፣ በከፍታው፣ በቤተሰቡ ብዛት ይተነበያል ወይ? ሌላው ሁሉ ባለበት ቢቆይ፣ ማዳበሪያው በ50 ኪሎ ሲጨምር ምርቱ በስንት ይለወጣል? ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ሌዠንድር መስመሩን ከነጥቦቹ ጋር የሚያስማማውን ስሌት ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1805 ነው። ስሌቱ ድሮ አልቋል፣ ኮምፒውተሩ በሰከንድ ይጨርሰዋል። የሚበላሸው ከስሌቱ በፊትና በኋላ ያለው ነው።

በፊት ካለው እንጀምር። አንዱ መረጃ ሰብሳቢ መሬቱን በጥማድ ይሞላል፣ ሌላው በሄክታር። በተለመደው ግምት አራት ጥማድ አንድ ሄክታር ነው፤ ሁለቱ አንድ ዓምድ ውስጥ ሲገቡ እኩል መሬት ያላቸው ጎረቤታሞች አንዱ በአራት እጥፍ ባለጸጋ ይሆናል። መልስ ያልሰጠ ሰው ደግሞ 99 ይሞላለታል። ኤስፒኤስኤስ በሚባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ላይ «ሚሲንግ» (የጎደለ መልስ) የሚለው ዓምድ ውስጥ 99 ካልተመዘገበ ፕሮግራሙ ቁጥር ነው ብሎ ይወስደዋል። ስለዚህ የ99 ሰው ቤተሰብ የሚያስተዳድር አባወራ አለን ማለት ነው፤ አብሽሩ፣ አላህ ያሳድግለት። እንዲህ ያሉ አምስት ስድስት ሰዎች መስመሩን ወደ ራሳቸው ይጎትቱታል። ሪግሬሽኑ ሲሠራ «ሴቭ» ውስጥ ገብቶ ኩክስ ዲስታንስን (አንድ ሰው ብቻውን መስመሩን ምን ያህል እንደሚጎትት የሚለካውን) መምረጥ፣ ከትልቁ ወደ ትንሹ መደርደርና የላይኞቹን ከመጠይቁ ወረቀት ጋር ማመሳከር ብቻ ነበር ሥራው። ማን ያደርገዋል?

ቀጥሎ ቆላ 1፣ ወይና ደጋ 2፣ ደጋ 3 ተብሎ የተመዘገበው እንዳለ ሳጥኑ ውስጥ ይወረወራል። ይሄ ማለት ከቆላ ወደ ወይና ደጋ ያለው ልዩነት ከወይና ደጋ ወደ ደጋ ካለው ጋር እኩል ነው ብሎ ማወጅ ነው። የጋብቻ ሁኔታም እንዲሁ፤ ባል የሞተባት ሴት 4 ስለሆነች፣ 1 ከተሰጣት ካላገባች ሴት በሦስት ትበልጣለች! ሦስት ምድብ ካለ ሁለት ዳሚ (ከሆነ 1፣ ካልሆነ 0 የሚሞላበት ዓምድ) ይሠራል፣ ሦስተኛው ማነጻጸሪያ ሆኖ ይቀራል። ሦስቱንም ካስገባችሁ ፕሮግራሙ ራሱ አንዱን አውጥቶ ይጥለዋል፤ ከዚያ «ለምን አንዱ ጠፋ?» ተብሎ ሌሊት ይደወላል።

አሁን ወደ ከፍታው። ጤፍ የሚስማማው ወይና ደጋው ነው። ዝቅ ካለው ከሐርቡ ተነስታችሁ ወደ ላይ ስትወጡ ይሻለዋል፣ ደጋው ላይ ስትደርሱ ብርዱና ውርጩ ያቀጭጨዋል፣ ቦታውን ለገብስ ይለቃል። ግንኙነቱ ጉብታ ነው። ጉብታ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ሲጋደም ዳገቱና ቁልቁለቱ ይጣፋሉ፤ ኮፊሸንቱ (ከፍታው በአንድ ሲጨምር ምርቱ የሚለወጥበት መጠን) ዜሮ አጠገብ ይቀመጣል፣ ፒ ቫልዩው (ግንኙነት ባይኖር እንዲህ ያለ ውጤት በአጋጣሚ የመምጣት ዕድሉ) 0.6 ምናምን ይላል፣ ኮከብ የለም። ወረቀቱም «ከፍታ በጤፍ ምርት ላይ ተጽዕኖ የለውም» ብሎ ይደመድማል። ወሎ ውስጥ! ይሄን ለአንድ የኩታበር ገበሬ ቢያነቡለት በሳቅ ይሞታል። መድኃኒቱ ከባድ አይደለም። ከእያንዳንዱ ከፍታ ላይ አማካዩን ቀንሱ፣ ቀሪውን በራሱ አባዙ፣ ሁለቱንም አብራችሁ አስገቡ። አማካዩ ቀድሞ የሚቀነሰው 1,800 እና የ1,800 ካሬ እየተከታተሉ ስለሚወጡና ቪአይኤፉን (ተለዋዋጮቹ እርስ በርስ ምን ያህል እንደሚደራረቡ የሚለካውን) ሰማይ ስለሚያደርሱት ነው። የካሬው ኮፊሸንት ነጌቲቭ ከሆነ ጉብታዋ ተገኘች።

ስለ ቪአይኤፍ ካነሳን፣ ከፍታን፣ የቆላ ደጋ ዳሚንና የሙቀት መጠንን አንድ ላይ አጭቆ «ሁሉም ሲግኒፊካንት አልሆኑም» ብሎ ማልቀስ ምን ይሉታል? ሦስቱም አንድ ነገር ነው የሚናገሩት። ቪአይኤፍ 10 ሲሆን ስታንዳርድ ኤረሩ (ኮፊሸንቱ ምን ያህል ሊዋዥቅ እንደሚችል የሚለካው) በሦስት እጥፍ ገደማ ያብጣል፣ የኮፊሸንቱ ምልክትም ከፖዘቲቭ ወደ ነጌቲቭ ሊገለበጥ ይችላል። አንዱን ምረጡ።

አሁን ደግሞ ስንት ሰው ይጠየቅ ሲባል የምትመዘዘው 384 የምትባለዋ ቁጥር። ወይ እሷ ትመጣለች፣ ወይ የያማኔ ቀመር ይመጣል፤ ሁለቱም የተሠሩት የሕዝብን መቶኛ ለመገመት ነው፣ ሪግሬሽንን አያውቁም። ለሪግሬሽን በሰፊው የሚጠቀሰው የግሪን መለኪያ ነው፤ አጠቃላይ ሞዴሉን ለመፈተን 50 ሲደመር የተለዋዋጮቹ ብዛት በ8 ተባዝቶ፣ እያንዳንዱን ለመፈተን 104 ሲደመር ብዛታቸው። ስድስት ከሆኑ 98 እና 110 ማለት ነው። እሱም ሻካራ ግምት ነው። 384 በዛ ሳትሉኝ ቆዩ። 384ቱ ከአራት ቀበሌ፣ ከየቀበሌው 96 ተደርገው ይሰበሰባሉ። የአንድ ቀበሌ ሰው አንድ ዝናብ ይዘንብበታል፣ አንድ በረዶ ይመታዋል፣ አንድ የግብርና ባለሙያ ይመክረዋል። ይሄ መመሳሰል ከ0 እስከ 1 ሲለካ 0.05 ብቻ ነው እንበል፤ 95 (ከ96 አንድ ሲቀነስ) በ0.05 ተባዝቶ 1 ሲደመር 5.75 ይሆናል። 384ን በ5.75 አካፍሉት፤ 67 ገደማ ነው። በተለይ እንደ ገበያ ርቀት ያለ፣ ለቀበሌው ሰው ሁሉ የሚመሳሰል ነገር ስትፈትኑ በእጃችሁ ያለው አቅም የ67 ሰው ነው። እነዚያው 384 ሰዎች ከ24 ቀበሌ 16 16 ተደርገው ቢመጡ ኖሮ ማካፈያው 1.75፣ ውጤቱ 219 ነበር። ነዳጁ ተወደደ፣ መንገዱም መንገድ አይደለም፣ ይገባናል። ግን አራት ቀበሌ አይቶ ሃያ ኮከብ መደርደር ወላሂ ድፍረት ነው። ቀበሌው ሲበዛ ስታታ በሚባለው ፕሮግራም ላይ ስታንዳርድ ኤረሩን በቀበሌ ክላስተር (በቡድን የሚሰላ) አድርጉ፤ ቀበሌው አራት ብቻ ከሆነ ግን እሱም አያድንም፣ ቢያንስ ቀበሌን ዳሚ አድርጋችሁ አስገቡና ገደቡን ጻፉ።

ተከታታይ ስህተቶች መያያዛቸውን የሚፈትሸውን ደርቢን ዋትሰንንማ አታንሱት። «ውጤቱ ከ1.5 እስከ 2.5 ስለሆነ ሞዴሉ ደህና ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ከወረቀት ወደ ወረቀት ይገለበጣል። ይሄ ፈተና በጊዜ ቅደም ተከተል ለተመዘገበ ነገር ነው። የቤት ለቤት መጠይቅ ላይ ምንም አይነግራችሁም። ካላመናችሁ ዳታውን በዕድሜ ደርድራችሁ ድጋሚ አስሉት፣ ቁጥሩ ይለወጣል፤ ኮፊሸንቶቹ ግን ንቅንቅ አይሉም። ኖርማሊቲውም (የደወል ቅርጽ ያለው ስርጭት መሆኑ) እንዲሁ፤ እያንዳንዱን ተለዋዋጭ አንድ በአንድ ይፈትኑና «ማዳበሪያው ኖርማል አልሆነም» ብለው ይደነግጣሉ። ማን ይሁን አለ? የሚታየው ሬዚጁዋሉ ነው፣ ማለትም ከትክክለኛው ምርት ላይ ሞዴሉ የገመተው ሲቀነስ የሚተርፈው።

የሚታይበትም መንገድ ሁለት ክሊክ ነው። ኤስፒኤስኤስ ላይ «ፕሎትስ» ውስጥ ገብታችሁ ዜድሬዚድን (ሬዚጁዋሉን) ዋይ ላይ፣ ዜድፕሬድን (ሞዴሉ የገመተውን) ኤክስ ላይ አድርጉ። ነጥቦቹ ዜሮን ይዘው ያለ ቅርጽ ከተበተኑ ሰላም ነው። ከጎበጡ ቅድም ያልናት ጉብታ ተረስታለች። በግራ ጠበው በቀኝ እንደ ማራገቢያ ከተከፈቱ ትልቅ ምርት ላይ ስህተቱ ይሰፋል ማለት ነው፤ ያኔ ስታንዳርድ ኤረሩ ይዋሻል፣ ኮከቡም አብሮ። ምርቱን ሎግ መውሰድ ወይም ሮበስት (ለዚህ መስፋት የተስተካከለ) ስታንዳርድ ኤረር መጠቀም ነው። ይሄን ግራፍ ያካተተ ወረቀት ግን በሻማ ቢፈለግ አይገኝም።

ከዚያ ተለዋዋጮቹን ፕሮግራሙ ራሱ የሚመርጥባት «ስቴፕዋይዝ» የምትባል ሸርተቴ አለች። ሃያ ምንም የማይገናኝ ነገር፣ ለምሳሌ የስልክ ቁጥር መጨረሻ፣ ብታስገቡ ቢያንስ አንዱ በአጋጣሚ ኮከብ የማግኘት ዕድሉ 64 በመቶ ነው፣ ከአንድ ላይ 0.95 (አንዱ ኮከብ የማያገኝበት ዕድል) ሃያ ጊዜ ተባዝቶ ሲቀነስ። ፕሮግራሙ የታደሉትን ይመርጥና ፒ ቫልዩውን ምርጫ እንዳልተደረገ አስመስሎ ያትማል። አድቫይዘሩ ደግሞ «አር ስኩዌርህ 0.23 ናት፣ ተለዋዋጭ ጨምር» ይላል፤ አር ስኩዌር ሞዴሉ ከምርቱ ልዩነት ምን ያህሉን ድርሻ እንዳስረዳ የምትናገር ናት። የስልክ ቁጥሩም ቢጨመር አር ስኩዌር አትቀንስም እኮ፤ ለዚህ ነው ለተጨመረው ተለዋዋጭ የሚቀጣው፣ አጀስትድ የሚባለው የተሠራው። በረዶና ተምች በሚወስነው ምርት ላይ 0.23 ምን ነውር አለው? የሚያስጠረጥረውስ የደንበኛ እርካታና ታማኝነት ጥናት ላይ የምትመጣው 0.8 ናት፤ ያው ሰው፣ በዚያው ቀን፣ በዚያው እስክሪብቶ «እስማማለሁ» ላይ ወርዶ ያከበበው ነው። «ይተነብያል» ለማለት ከፈለጋችሁ ከሰዎቹ አንድ አምስተኛውን ደብቁ፣ በቀሪው ሞዴሉን ሥሩ፣ የተደበቁትን ምርት ገምቱ፣ በስንት ኩንታል እንደሳተ ጻፉ።

«የማዳበሪያ ተጽዕኖ» የሚለው ርዕስም ቢታሰብበት። ማዳበሪያ አሟልቶ የሚገዛው አቅም ያለው፣ የቦርከና ወንዝ ዳር መሬት የደረሰው ሰው ከሆነ፣ ኮፊሸንቱ የማዳበሪያውን ብቻ ሳይሆን የውሃውንም ነው የሚናገረው። መስኖ አልተጠየቀም ነበር? እንግዲያው «ተያይዟል» በሉ።

እና ገንዘብ ከፍላችሁ የምታሠሩ፣ የወርድ ሰነዱን ብቻ ተቀብላችሁ አትሂዱ። ኤስፒኤስኤስ ላይ «ኦኬ» ከሚለው አጠገብ «ፔስት» የሚል ቁልፍ አለ፣ በመስኮቱ የተመረጠውን ሁሉ ሲንታክስ (የትዕዛዝ ጽሑፍ) ፋይል ላይ ይጽፋል። ፋይሉን ጠይቁ። «ሲግ .000» የሚለውንም ከ0.001 ያንሳል ብላችሁ ጻፉት፣ ዜሮ የሆነ ፒ ቫልዩ የለም። ከጎኑ ቢውን (ኮፊሸንቱን) እና የ95 በመቶ ኢንተርቫሉን (ኮፊሸንቱ ሊገኝበት የሚችለውን ክልል) በኩንታል አስቀምጡ። ሠሪው ሲንታክስ የለኝም ካላችሁ ብራችሁን አስመልሱ።