እርማት፦ ሰብልና ደን እኩል ዝናብ አይመልሱም

«ደን ተመንጥሮ እርሻ ቢሆንም ሰብሉም አረንጓዴ ነውና ዝናቡ አይቀንስም» የሚለው አስተያየት ብዙዎች የሚያምኑት ስህተት ነው። ዋናው ልዩነት ከመሬት በታች ነው። በምሥራቃዊ አማዞን የዛፎች ሥር ከ8 ሜትር በላይ ጠልቆ ስለሚገባ፣ በደረቁ ወቅት እንኳ ውኃ ስቦ በቅጠል በኩል ወደ አየር ይለቃል፤ ነፋስም እርጥበቱን ተሸክሞ ሌላ ቦታ ያዘንበዋል። በደኑ ፈንታ የሚዘራው የአኩሪ አተር ሥር ግን ያን ያህል አይጠልቅም፤ ከታጨደ በኋላም ማሳው ባዶውን ይቀራል። በደቡባዊ አማዞን ሰፊ ደን በተመነጠረባቸው አካባቢዎች ዝናቡ ዘግይቶ መግባት የጀመረው አንድም በዚህ ምክንያት ነው። ቀድሞ የሚጎዳውም ዝናብ ጠብቆ የሚዘራው ገበሬ ራሱ ነው! መስኖ የአየሩን እርጥበት ይጨምራል መባሉ እውነት ነው፤ ውኃው ግን ከአንድ ቦታ የተወሰደ ነው። ለምሳሌ በመካከለኛው እስያ የሚገኘው የአራል ባሕር አብዛኛው ክፍል የደረቀው ገባር ወንዞቹ ወደ ጥጥ እርሻ በመጠለፋቸው ነው።