ለ832 አጋሮቼ

ትናንት ማታ የፈለግኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ነገ ይዘንብ እንደሆነ ማወቅ። ድረ ገጹን ከፈትኩ። ደመናውም ፀሐዩም ሳይታየኝ አንድ ሳጥን ከታች ብቅ ብሎ የስልኬን ፊት ሞላውና በለሰለሰ አንደበት «ለግላዊነትዎ ዋጋ እንሰጣለን» አለኝ። ቀጠለና ድረ ገጹና 832 አጋሮቹ፣ ማለትም የማስታወቂያና የመረጃ ኩባንያዎች፣ ስልኬ ላይ መረጃ እንዲያስቀምጡ፣ ያለሁበትን ቦታ እንዲያውቁ፣ መሣሪያዬንም ከሌላው ለይተው እንዲያጠኑ ፈቃዴን ጠየቀኝ። ለዝናብ ነው እንግዲህ ይሄ ሁሉ።

ይህን ሳጥን የማያውቅ አንባቢ ስለሌለ መልኩን በመግለጽ አላደክማችሁም። የምጽፈው ለማመስገን ነው። ሰው ሁሉ ሲያማርረው እንጂ ሲያመሰግነው ሰምቼ አላውቅም፤ ውለታ ቢስ እንዳንባል ፈራሁ።

በመጀመሪያ ሐቀኝነቱ ይመስገን። «ዋጋ እንሰጣለን» ሲሉ በእርግጥም ዋጋ ይሰጡታል። ገጹ እስኪከፈት ባለው የሰከንድ ሽርፍራፊ ውስጥ ለጨረታ እቀርባለሁ፤ የስልኩ ዓይነት ይህ፣ ያለበት ከተማ ይህ፣ ባለፈው ሳምንት ሲያፈላልግ የከረመው ፍራሽ። የአስተዋዋቂዎቹ ኮምፒውተሮች ይጫረታሉ፤ ያሸነፈው ማስታወቂያውን ይሰቅላል። የተሸነፉትም ባዶ እጃቸውን አይመለሱም፤ የጨረታውን ሰነድ አይተው ይሄዳሉ፣ ሰነዱም እኔ ነኝ። በሕይወቴ ይህን ያህል ተፈላጊ ሆኜ አላውቅም።

አሁን ወደ አጋሮቼ ልምጣ። ሰው አክባሪ ስለሆንኩ «ሁሉንም ተቀበል» የሚለውን ደማቅ ሰማያዊ ቁልፍ ትቼ፣ ከሥሩ በግራጫ ቀለም በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን «ምርጫዎችን አስተዳድር» ነካሁ። (ሰው ዝናብ ሊጠይቅ ገብቶ አስተዳዳሪ ይሆናል።) ዝርዝሩ ተከፈተ፤ ሁሉም በፊደል ተራ ተሰልፈዋል። አንደኛው መረጃዬን የሚያቆየው ለ30 ቀን ብቻ ነው፤ ዓይነ አፋር ቢጤ ነው። ሁለተኛው 13 ወር ይላል። ሦስተኛው አምስት ዓመት። አምስት ዓመት አብሮኝ ሊኖር የወሰነን አካል ስሙን እንኳ ልወቅ ብዬ ባነበው ሦስት ፊደልና አንድ ቁጥር ሆኖ አገኘሁት።

ታምሜ ብተኛ እነዚህ 832 ሊጠይቁኝ ይመጡ ይሆን? ቢመጡ የት አስቀምጣቸዋለሁ? ያሉኝ ወንበሮች ስድስት ናቸው፤ የአንዱ እግር ይነቃነቃል። በየተራ ገብተው አንድ አንድ ደቂቃ ብቻ «እግዜር ይማርህ» እያሉ ቢወጡ 13 ሰዓት ከ52 ደቂቃ ይፈጃል፤ ይህ ጤነኛውንም አልጋ ላይ ይጥላል። ለነገሩ መምጣት አያስፈልጋቸውም፤ የሕመሙን ምልክት ፈልጌ ሳልጨርስ መድኃኒቱ ከገጹ ጎን ተሰቅሎ ይጠብቀኛል። የገዛ ወንድሜ የልደቴን ቀን ይረሳል፤ እነርሱ አይረሱም። ፍራሹንም አልረሱም። ከገዛሁት ሁለት ሳምንት አልፎታል፤ እነርሱ ግን አንድ ፍራሽ የገዛ ሰው ፍራሽ መሰብሰብ የጀመረ ይመስላቸዋል። ዜና ሳነብ ፍራሽ፣ የቃል ፍቺ ስፈልግ ፍራሽ፣ የሐዘን መግለጫ ሥር ሳይቀር ፍራሽ። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ማለት ይህ ነው።

ከየስማቸው ጎን ማብሪያና ማጥፊያ አለ። አንድ በአንድ ላጠፋቸው ተነሣሁ። አርባ ሰባተኛው ላይ ስደርስ ከሥራቸው «ሕጋዊ ፍላጎት» የሚል ሌላ መስመር እንዳለ አየሁ። ይኼኛው ቀድሞ በርቶ ነው የጠበቀኝ። ፈቃዴን ስከለክለው አጋሬ «ግድ የለም፣ ያንተ ፈቃድ ቢቀር የእኔ ፍላጎት አለ» እያለኝ ነው። ወደ አንደኛው ተመለስኩና እንደገና ጀመርኩ።

ለማንበብ ጊዜ የለኝም የሚል ካለ ሰነፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ሁለት የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አስልተውታል፤ አንድ አሜሪካዊ የሚጎበኛቸውን ድረ ገጾች የግላዊነት መመሪያ ቃል በቃል ቢያነብ በዓመት 244 ሰዓት ገደማ ቢወስድበት ነው። እንቅልፍን መቀነስ ነው። ሳናነብ የምንስማማውማ ጉዳችን የታየው እ.ኤ.አ. በ2010 ነበር። አንድ የእንግሊዝ የጨዋታ መደብር ለኤፕሪል ማታለያ ብሎ የሽያጭ ውሉ ውስጥ «የማትሞት ነፍሴን አስረክቤያለሁ» የሚል አንቀጽ ሰነቀረ፤ ወደ 7,500 ሰዎች ተስማሙ። መደብሩ በኋላ ነፍሶቹን እንደማይጠይቅ አስታወቀ። አጋሮቼ እንዲህ ያለ ቀልድ አያውቁም።

እዚህ ላይ ምስጋናውን ላቁም። ፅንስ የጨነገፈባት ሴት ከሆስፒታል ተመልሳ ስልኳን ስትከፍት የሕፃን ልብስ ይመጣባታል። በነጋታውም፣ በሳልስቱም። ማርገዟን ለማወቅ ጥቂት ቀን የበቃው ማሽን ማጣቷን ሊያውቅ አይፈልግም፤ ያዘነች እናት የሕፃን ጋሪ አትገዛማ። «ይህን ማስታወቂያ ማየት አልፈልግም» ስትለው «ለምን?» ብሎ ምክንያቷን ከአራት አማራጮች እንድትመርጥ ያዛታል። ይህን የሠሩት ሰዎች ሞኞች አይደሉም። የእምቢታውን ቁልፍ ግራጫ ያደረገው ቀለም ያለቀበት ሰው አይደለም፤ ስንት ሰው ሰልችቶት እንደሚስማማ ለክቶና ቆጥሮ ነው። ሰውን አድክሞ ማስፈረም ፈቃድ አይባልም። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ የሚሠራበት የአውሮፓ ሕግ የሰጡትን ፈቃድ መልሶ መንሳት የመስጠትን ያህል ቀላል ይሁን ይላል። እ.ኤ.አ. በጥር 2022 የፈረንሳይ የመረጃ ጥበቃ ባለሥልጣን እምቢ ማለትን ከእሺታው አስቸጋሪ አድርጋችኋል ብሎ ሁለት ግዙፍ ኩባንያዎችን በድምሩ 210 ሚሊዮን ዩሮ መቅጣቱን አስታውቋል። ሰማያዊው ቁልፍ ግን ትናንት ማታም እንዳማረበት ነበር።

ይቅርታ፣ ምስጋና ላይ ነበርኩ።

832ቱንም ከነፍላጎታቸው አጥፍቼ ስጨርስ እኩለ ሌሊት ሆነ። ደስ ስላለኝ ድረ ገጾች ስልኬ ላይ ያከማቿቸውን ኩኪ የሚባሉ ትንንሽ የማስታወሻ ፋይሎች በሙሉ ሰረዝኩና ተኛሁ። ኩኪ እ.ኤ.አ. በ1994 ኔትስኬፕ በተባለው የድረ ገጽ ማሰሻ ሠሪ ኩባንያ ውስጥ ሲፈጠር ድረ ገጽ ጎብኚውን እንዲያስታውስ፣ የገበያ ቅርጫቱን ይዞ እንዲቆይለት ነበር የታሰበው፤ ቅርጫት ያዡ ተከታይ የሆነው ቆይቶ ነው።

ጠዋት ያንኑ ገጽ ስከፍት ሳጥኑ ተነሥቶ «ለግላዊነትዎ ዋጋ እንሰጣለን» አለኝ። ለካ አልፈልግም ማለቴን የሚያስታውስልኝም ኩኪ ኖሯል፤ በገዛ እጄ ሰርዤዋለሁ። ዝናቡን በመስኮት አየሁት። አጋሮቼ 841 ሆነዋል። ከዘጠኙ ጋር ገና አልተዋወቅንም።