ስድስት ፊደል ለመቆጠብ ተብሎ

ስድስት ፊደል! ጂን በፒሲአር ለማባዛት በምናዝዘው ፕራይመር (ማባዛቱ የሚነሳበት አጭር ዲኤንኤ) ላይ፣ ለስድስት ፊደል ተብሎ ሁለት ወር ገደል ገባ።

ፎርዋርዱ (ከጂኑ መጀመሪያ በኩል ያለው ፕራይመር) ምን ነበረው? ከ5 ፕራይም (ከፊት ጫፉ) በኩል 6 ትርፍ ቤዝ (ፊደል)፣ ቀጥሎ የኤንዲኢ ዋን (ዲኤንኤ ቆራጭ ኢንዛይም) መቁረጫ ሲኤቲኤቲጂ፣ ከኤቲጂው ጀምሮ ከጂኑ ጋር የሚገጥም 21 ቤዝ። ጨዋ ፕራይመር። ዶክተራችን ወረቀቱን አዩና፦

«እነዚህ ከፊት ያሉት ስድስቱ የየትኛው ጂን ናቸው?»

«የየትኛውም አይደሉም ዶክተር፤ ኢንዛይሙ የሚቆምባቸው ናቸው።»

«ኢንዛይም ወንበር ይፈልጋል እንዴ? አውጧቸው፤ ሂሳቡ በቤዝ ነው!»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኛም ሳቅን፣ ምን እናድርግ።

አዎ፣ ወንበር ይፈልጋል! መቁረጫው ጫፍ ላይ ሲንጠለጠል ኢንዛይሙ ዲኤንኤውን የሚይዝበት ያጣል። ሌላው ቆራጭ ኢኮአር ዋን በአንድ ሁለት ቤዝም ይችለዋል፤ ኤንዲኢ ዋን ግን ቅምጥል ነው።

ዲኤንኤን በርዝመት የሚለየው ጄል ደግሞ አያጋልጥም። የ900 ቤዝ ባንድ (ጄሉ ላይ የሚታየው መስመር) ጫፉ ተቆረጠ አልተቆረጠ፣ 1 ፐርሰንት አጋሮዝ ላይ ያው ነው። አምሮ ታየ፣ ላይጌሽን (ቬክተር ከሚባል ተሸካሚ ዲኤንኤ ጋር ማጣበቅ) ገባ፣ በነጋታው ባክቴሪያ የሚበቅልበት ፕሌት እንደ ጠረጴዛ ንጹሕ። ከዚያ «ላይጌዙን በረዶ ላይ አላስቀመጣችሁትም» ተባለ። ማጣበቂያው ኢንዛይም ላይጌዝ ምን በወጣው!

ባለፈውም እንዲሁ ነው። ከጂኑ ውጭ የተጨመረ ጭራና 21 ገጣሚ ቤዝ ያለውን ፕራይመር ሙሉውን ካልኩሌተር ውስጥ ከተው፣ በወጣው ቲኤም (ፕራይመሩ ከዲኤንኤው የሚላቀቅበት ሙቀት) ከመጀመሪያው የፒሲአር ዙር አስሮጡት፤ ባንድ የለም። ጭራው እኮ መጀመሪያ የሚገጥመው የለውም! የመጀመሪያዎቹን 5 ዙሮች በ21ዱ ቲኤም፣ ከዚያ ከፍ ማድረግ ነው። ከዚያ በፊት ደግሞ ፔት-21ኤ በተባለው ቬክተር ላይ ስቶፕ ኮዶኑ (ፕሮቲኑ የሚያበቃበት ምልክት) ከሪቨርሱ (ከጂኑ መጨረሻ በኩል ተገልብጦ የሚጻፈው ፕራይመር) ሳይወጣ ቀርቶ፣ «ፕሮቲኑ ኒኬሉን ለምን አይዝም?» ኒኬሉን የሚይዘው ሂስ ታግ ከስቶፑ ኋላ ነዋ! ጂኑ ውስጥ የኤክስኤችኦ ዋን መቁረጫ ካለ ጂኑን በሌላው ኢንዛይም በሳል ዋን ቁረጡ፣ ጫፋቸው ይገጥማል ብንል ማን ሰምቶ።

ያለ ስድስቱ የመጣውን ዲኤንኤ ለማትረፍ ያለው መንገድ ቲኤ ክሎኒንግ ነው። ታክ የሚባለው ፖሊመሬዝ (ዲኤንኤ ቀጂ ኢንዛይም) ጫፉ ላይ ኤ ይጨምራል፣ ጫፉ ላይ ቲ ያለው ቲ ቬክተር ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ ግራና ቀኙ ዲኤንኤ ስለሆነ ኤንዲኢ ዋን እንደልቡ ይቆርጣል። እኛ የሠራነው ግን ብለንት (ትርፍ ፊደል የሌለው ጫፍ) በሚተው ፖሊመሬዝ፤ ስለዚህ መጀመሪያ አጥርቶ፣ ታክና ዲኤቲፒ (የኤ ጥሬ ዕቃ) ጨምሮ 72 ዲግሪ ላይ 20 ደቂቃ። ማታ ልንጀምር ስንል መብራት ሄደ።

ዛሬ አዲሱን ትዕዛዝ አዩት። ስድስቱን ዝም ብለው አለፉ፣ እሰይ ስንል፦

«ይሄ ሪቨርሱ ለምን ተገልብጦ ተጻፈ? አስተካክሉትና ላኩት።»