ተሸላሚዋን አየናት፣ ሥራዋን ማን አየው?

ኒው ዮርክ ውስጥ ለሬዲዮ፣ ለቴሌቪዥንና ለዘጋቢ ፊልም ሠሪዎች የሚሰጥ ሽልማት አለ። ዱፖንት–ኮሎምቢያ ይሉታል። ጄሲ ቦል ዱፖንት የተባለች ሴት እ.ኤ.አ. በ1942 ለሟች ባሏ ለአልፍሬድ መታሰቢያ ያቆመችው ነው። ከ1968 ወዲህ የሚያስተዳድረው የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት ነው። ለአሸናፊው የሚሰጡት ዋንጫ ሳይሆን የብር በትር ነው።

ሥነ ሥርዓቱን በኢንተርኔት ስከታተል አንድ ነገር አንጀቴን አሳረረው። ሥራውን ያሳያሉ! በቃ፣ ይኸው ነው። መጀመሪያ ምን እንደተሠራና ለምን እንደተመረጠ በአጭሩ ይነገራል። ቀጥሎ ከሥራው ተቆርጦ ይታያል። ከዚያ ባለቤቶቹ ይጠራሉ። ሪፖርተሩ ብቻውን አይወጣም፤ ካሜራ የያዘው፣ ያቀናበረው፣ ፕሮዲውሰሩ ግር ብለው ይወጣሉ። ትልልቆቹ ኔትዎርኮች ከሚሸለሙበት መድረክ ላይ የአንድ ከተማ ጣቢያም በትሩን ይዞ ይወርዳል።

ምኑ ይገርማል ትሉኝ ይሆናል። እኔንም ባልገረመኝ ነበር፣ እዚሁ አሜሪካ የእኛው ሰዎች ባዘጋጁት የሽልማት ምሽት ላይ ባልገኝ።

የአዘጋጆቹን ስም አልጠራም። ትኬቱ ውድ ነው፤ ጠረጴዛ ሙሉውን ለሚገዛ ቅናሽ አለው። ሰዓቱን እንተወው፣ የምታውቁት ነው። ከተሸላሚዎቹ አንዷ ዘጋቢ ፊልም የሠራች ወጣት ነበረች። ስሟ ተጠራ። ጭብጨባ። ካባ ለበሰች። እቅፍ አበባ ተቀበለች። ከቤት ደላላው ጋር ፎቶ ተነሳች። ከታክስ ሠሪው ጋር ፎቶ ተነሳች። ከጠበቃውም ጋር እንዲሁ። ስፖንሰሮች ናቸውና ሦስቱም ንግግር አደረጉ፤ ደላላው እንዲያውም የቤት ወለድ እስኪወርድ አትጠብቁ ብሎ መከረን። ከዚያ ኬክ ተቆረሰ። ከፊልሟ ግን አንዲት ደቂቃ አልታየችም። ስለ ምን እንደሆነ እንኳ የተናገረ ሰው የለም።

ከኮሚቴው አንዱን ጥግ ይዤ ጠየቅሁት።

«ፊልሟን ለምን አላሳያችሁንም?»

«ፕሮግራም በዛብን፣ ወንድሜ።»

«አንተስ አይተኸዋል?»

«ኧረ ጎበዝ ልጅ ናት! ፌስቡክ ላይ ስንት ተከታይ እንዳላት አታውቅም እንዴ?»

ከዚህ በላይ ምን እጠይቀዋለሁ?

ፈረንጆቹ መላእክት ናቸው እያልኩ አይደለም። ለመወዳደር ያስከፍላሉ። ቴሌቪዥናቸውም ቀኑን ሙሉ የሚያወራው ወሬ አብዛኛው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ግን ዳኛው ሥራውን ቁጭ ብሎ ያየዋል። ጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ የሚሰጠውን ፒቦዲ የተባለ ሽልማት ውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ1940 ለሬዲዮ የተጀመረ ነው። እዚያ አንድ ሥራ እንዲያሸንፍ ዳኞቹ በሙሉ ድምፅ መስማማት አለባቸው። አንዱ እንቢ ካለ አለቀ። እንቢ ለማለት ደግሞ መጀመሪያ ማየት ያስፈልጋል! የእኛ ኮሚቴም በሙሉ ድምፅ ነው የመረጠው አሉ። ማንም ሳያየው ማን ይቃወማል?

በዱፖንት የብር በትር ላይ የስመ ጥሩው አሜሪካዊ ጋዜጠኛ የኤድዋርድ መሮው ቃል ተቀርጿል። መሮው እ.ኤ.አ. በ1958 ቺካጎ ላይ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ዜና ኃላፊዎች ስብሰባቸው ላይ ተናገር ብለው ጋበዙት። ወጥቶ ወረደባቸው። ይህ ቴሌቪዥን የምትሉት መሣሪያ ሊያስተምር ይችላል፤ ሰዎች ለዚያ ካላዋሉት ግን ሣጥን ውስጥ ያለ ሽቦና መብራት ነው አላቸው። የዱፖንት ሰዎች ደግሞ ይህንኑ ቃል በትር ላይ ጽፈው በየጊዜው ይሸልሙታል። የእኛን አዳራሽ አስቡት። እንግዳው መድረክ ላይ ወጥቶ አዘጋጆቹን እንዲህ ቢል ማይኩ ወዲያው «ይበላሽ» ነበር።

አገር ቤትስ? ጉማ የፊልም ሽልማት አለ። የበጎ ሰው ሽልማትም ሚዲያና ጋዜጠኝነትን እንደ አንድ ዘርፍ ይዟል። በእነሱ ላይ አፌን አልከፍትም። ሥራም አልጠፋም። መዓዛ ብሩ ሸገር 102.1 ላይ በ«ጨዋታ እንግዳ» ከሰዎች ጋር ያደረገችው ረጅም ጨዋታ ስንት የሕይወት ታሪክ ይዞ ተቀምጧል። ያንን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚሰማ ዳኛ ቢቀመጥ ለትውልድ የሚተርፍ ማብራሪያ ይጽፍ ነበር።

ዘጋቢ ፊልም ላይ ግን ሌላ ጣጣ አለብን። ዶክመንተሪ ሲባል ሰው ሁለት ነገር ነው የሚያስበው። አንደኛው የመሥሪያ ቤት ምሥረታ በዓል ነው፤ ድሮን፣ ሪባን፣ ወፍራም ድምፅ፣ «ከምሥረታው ጀምሮ በርካታ ስኬቶችን…»። ሁለተኛውን እንኳን ባላስታውሳችሁ። በ2004 ዓ.ም. አኬልዳማ የተባለው ዶክመንተሪ በመንግሥት ቴሌቪዥን በኢቲቪ ሲለቀቅ፣ ፍርድ ቤት ገና ያልፈረደባቸው እስረኞች በቴሌቪዥን አሸባሪ ተባሉ። ከዚያ ወዲህ «ዶክመንተሪ ሊሠራብህ ነው» ማስፈራሪያ ሆኖ ቀረ።

ነገሩ የቆየ ነው። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ እ.ኤ.አ. በ1973 የወሎን ረሃብ ቀርጾ እንግሊዝ አገር አሳየ። በአባቱ በሪቻርድ ዲምብልቢ ስም የተሰየመውን ሽልማት አገኘበት። እኛ ጋ ደግሞ ደርግ ያንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ጋር ቀጣጥሎ፣ ንጉሡ በሚወርዱበት ዋዜማ፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ለሕዝብ አሳየው። እዚያ ሥራው ተሸለመ፣ እዚህ ሥራው ሰው አወረደ። በዶክመንተሪ ላይ ያለን ጥርጣሬ ከዚያ ጀምሮ የመጣ ይመስለኛል። ስለዚህ አገር ቤት ላለው ሰው አዝንለታለሁ። አሜሪካ ተቀምጦ፣ ማንም ሳይከለክለው፣ ፕሮጀክተር ተሰቅሎለት ፊልሙን ለማያሳየው ኮሚቴ ግን ምን ሰበብ ላግኝለት? ፕሮጀክተሩ እኮ ሲሠራ ነው ያመሸው፤ የስፖንሰሮቹን አርማ እያሽከረከረ።

የልጅቷን ፊልም በኋላ ከራሷ ተቀብዬ አየሁት። ከአገር ቤት የልጅ ልጅ ሊጠብቁ መጥተው አፓርታማ ውስጥ ተዘግተው ስለሚውሉ እናቶች ነው። አንዷ እናት ጠዋት በረንዳ ላይ ወጥተው ታች ለሚያልፈው ሁሉ «እንደምን አደራችሁ» ይላሉ። የሚመልስ የለም። ነጠላቸውን አስተካክለው ለሚቀጥለው መንገደኛ ይደግሙታል። ካሜራው ዝም ብሎ ይጠብቃቸዋል፤ ሙዚቃ የለ፣ ተራኪ የለ። እዚያ አዳራሽ ውስጥ እናቱን ያላስመጣ ሰው የነበረ አይመስለኝም። ያቺ ቦታ ብቻ ብትታይ ደላላው ራሱ ንግግሩን ይረሳው ነበር።

ፒቦዲ ለውድድር የገባለትን ሥራ፣ ያሸነፈውንም ያላሸነፈውንም፣ በዩኒቨርሲቲው ማኅደር ያስቀምጣል። ተሸንፈህ እንኳ ሥራህ ይቀመጣል። ያሸነፈችው ልጅ ፊልም ግን ዩቲዩብ ላይ በራሷ ገጽ ብቻ ነው ያለው፤ ያየውም ሰው ጥቂት ነው። የሸለማት ኮሚቴ ገጽ ላይ ሊንኩን ፈልጌ አጣሁት። የኬኩ ቪዲዮ ግን ከነሙሉ ሙዚቃው አለ። ሥሩ ላይ «ፊልሙስ?» ብዬ ጻፍኩ። «እናመሰግናለን ወንድማችን» ብለው ልብ ላኩልኝ።