«ማግኔት በልቶት ነው» እያላችሁ ገንዘባችንን አትብሉ

ኧረ በአንድ ሰበብ ስንት ዘመን እንታለል! ፎቶ ጠፋ፤ «ማግኔት ያለው ከቨር አድርገህበት ነው»። ፍላሽ አልከፍት አለ፤ «ስፒከር አጠገብ አስቀምጠሽው ነው»። ከፒያሳ እስከ ሜክሲኮ ስንት ጥገና ቤት ይሄንን መልስ ይሰጣል፣ ስንቱ ደንበኛስ አምኖ ከፍሎ ይወጣል!

የስልክ ሚሞሪ፣ ፍላሽና ኤስኤስዲ (የአዳዲስ ላፕቶፖች ማከማቻ) መረጃ የሚይዙት በኤሌክትሪክ ቻርጅ ነው። የከቨር ማግኔት አንዲት ፎቶ አያጠፋም። ፍላሽ የሚሞተው ኮንትሮለሩ (ሥራውን የሚመራው ቺፕ) ሲቃጠል፣ እየተጻፈበት ሲነቀል ወይም በብዛት ተጽፎበት ሲያረጅ ነው። ሃርድ ዲስክ አዎ፣ በማግኔት ነው የሚጽፈው። ግን አንዱን ፈትታችሁ እዩ፤ ክንዱን የሚያንቀሳቅሱት ኃይለኛ የኒዮዲሚየም ማግኔቶች እዚያው ሳጥኑ ውስጥ ናቸው። እነሱ ያላጠፉትን የፍሪጅ በር ማግኔት ያጠፋዋል? ሃርድ ዲስክን መውደቅ ነው የሚገድለው።

የሚያናድደው፣ ማግኔት እውነትም የሚያውከውን ነገር ማንም አይነግራችሁም።

የሜትር ታክሲ ሹፌሮች፣ ይሄ ለእናንተ ነው። የመሬት ማግኔታዊ መስክ ከ25 እስከ 65 ማይክሮ ቴስላ ብቻ ነው፤ መኪናው ውስጥ ስልክ የሚይዝላችሁ ሆልደር ማግኔት ላዩ ላይ ይህንን በሺዎች እጥፍ ይበልጣል። ታዲያ የስልኩ ኮምፓስ ሰሜንን ከየት ያምጣው? መኪናው ሲሄድ ስልኩ አቅጣጫውን ከጂፒኤስ ስለሚያሰላ ችግሩ አይታይም። ሰው ለመጫን ቸርችል ላይ ስትቆሙ ግን ቀስቱ ይዞራል፤ ሽቅብ ወደ ፒያሳ ማለት ሲገባው ቁልቁል ወደ ለገሃር ያሳያችኋል። ተሳፋሪው ፀሐይ ላይ ቆሞ «የት ደረስክ?» ይላል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ቆንጥጦ የሚይዝ ሆልደር ግዙ፣ ማግኔቱ እንዲይዘው ስልኩ ጀርባ የለጠፋችሁትን ብረት አንሱ፣ ከዚያ ስልኩን በአየር ላይ የ8 ቁጥር እየሠራችሁ ጥቂት ጊዜ አዙሩት። ማግኔቱ ሳይነሳ ብታዞሩት ልፋት ነው። ያ ብረት በገመድ አልባ ቻርጀር ላይም ይግላል፣ ቻርጁንም ያግዳል። ካሜራው የመንቀጥቀጥ መከላከያ ካለው ደግሞ ሌንሱ በማግኔት ስለሚንቀሳቀስ ምስሉ ሊደበዝዝ ይችላል።

ላፕቶፕ እየሠራችሁበት ድንገት ስክሪኑ ከጠፋ «ማዘርቦርድ ነው» ላላችሁ ሁሉ አትክፈሉ! ክዳኑ መዘጋቱን የሚያውቀው በማግኔትና ማግኔት ሲጠጋ በሚያውቅ ሆል ሴንሰር ነው። ማግኔት ያለው የስልክ ከቨር ወይም በማግኔት የሚዘጋ የሰዓት ማሰሪያ ኪቦርዱ ጠርዝ ላይ ሲያርፍ ክዳኑ የተዘጋ ይመስለዋል። ሌላ ላፕቶፕ ላይ ደርባችሁትም ከሆነ እንደዚያው። መጀመሪያ እነዚህን አርቁና ሞክሩ፤ አሁንም ከጠፋ ያኔ ይፈተሽ።

ምናለሽ ተራ ብረት በሚቆረጥበት አካባቢ የምትውሉ፣ የስልካችሁ ድምፅ ከታፈነ የስፒከሩ ማግኔት የብረት ብናኝ ሰብስቦ ሊሆን ይችላል። በመርፌ አትጎርጉሩት፣ ሽፋኑን ይበሳዋል። በፕላስተር እየለጠፋችሁ አንሱት።

ከሁሉም የከፋው ዝምታ ስለ ፔስሜከር፣ የልብን ምት ስለሚያስተካክለው መሣሪያ ነው። ማግኔት ሲጠጋቸው ብዙዎቹ የልብን ምት መከታተል ትተው በአንድ ቋሚ ፍጥነት ብቻ ይሠራሉ። ደረቱ ውስጥ ፔስሜከር የተተከለለት ሰው ማግኔት ያለውን ስልክና ከቨር ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር፣ ገመድ አልባ ቻርጅ እያደረገ ከሆነ 30 ሴንቲ ሜትር ከደረቱ ያርቅ። ከቨር ሻጮች፣ እባካችሁ ስትሸጡ ይሄንን ተናገሩ፤ አባቶቻችን ስልካቸውን የሚይዙት በኮታቸው የደረት ኪስ ነው።